ገመዱ ሳይለቀቅ፦ የአንድ የሮም ፈረስ ሽቅድምድም ሥዕል የሥራ ማስታወሻ

እሑድ፣ ጥር 3

ዛሬ ጠዋት ከፖርታ ፖርቴዜ የእሑድ ገበያ አንድ ሥዕል ይዤ ገባሁ፤ 45 ዩሮ ከፈልኩ። ሻጩ ዋጋ የጠራው ለፍሬሙ ነበር፤ ፍሬሙ ግን የቅርብ ጊዜ ሥራ ነው፣ ማዕዘኖቹ በማሽን የተመቱ ናቸው። ፍሬም ቤት ተቀጥሬ ስሠራ ዘጠኝ ዓመት ስለሞላኝ ይህን ለማወቅ ጊዜ አልፈጀብኝም። እኔን የያዘኝ ከመስታወቱ ሥር ያለው ነው። የውሃ ቀለም ሥዕል፣ ፊርማ የለው፣ ቀን የለው። አምስት ፈረሶች፣ ስምንት ሰዎች፣ አንድ ሐውልት።

ቦታው ፒያሳ ዴል ፖፖሎ ነው። ሐውልቱ ከግብፅ ሄሊዮፖሊስ የመጣው ነው፤ ቄሣር አውግስጦስ አምጥቶ ቺርኮ ማሲሞ፣ ሠረገሎች የሚሽቀዳደሙበት ሜዳ ላይ አቁሞት ነበር። ጳጳስ ሲክስጦስ 5ኛ በ1589 አሁን ያለበት አደባባይ ላይ አስተከሉት። (እዚህ ማስታወሻ ላይ የምጽፋቸው ዓመታት፣ ካልተናገርኩ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ ወርና ቀኑ ግን በእኛው ነው።) የእኛው የአክሱም ሐውልትም ከ1937 ጀምሮ አገሩ እስኪመለስ ድረስ የቆመው ከዚያው ከቺርኮ ማሲሞ ጥግ ነበር። በዚያ በኩል ባለፍኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

ፈረሶቹ ጋላቢ የላቸውም፣ ኮርቻም የላቸውም። ከፊታቸው ገመድ ተወጥሯል። ስለዚህ የባርቤሪ ሽቅድምድም ነው፤ ያውም መነሻው፣ ሮማውያን ሞሳ የሚሉት።

ሰኞ፣ ጥር 4

ማታ ከሥራ ስመለስ ጠረጴዛ ላይ አስተኝቼ በማጉያ መነፅር አየሁት። የሚታየው ክፍል 34 በ24 ሳንቲሜትር ነው።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ትንሽ ልጻፍ። ካርኒቫል የእነሱ ቅበላ ነው፤ ጾም ከመግባቱ በፊት ያሉት ቀናት። ጳጳስ ጳውሎስ 2ኛ በ1466 የካርኒቫሉን ሽቅድምድሞች ከተማው መሃል ወደሚያልፈው ቀጥ ያለ ጎዳና አመጡ። ጎዳናው ዛሬም ኮርሶ የሚባለው በዚሁ ሩጫ የተነሣ ነው። ከፒያሳ ዴል ፖፖሎ እስከ ፒያሳ ቬኔሲያ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ይሆናል። ፈረሶቹ ባርቤሪ የተባሉት በሰሜን አፍሪካ የበርበር ፈረስ ዘር ነው። ጋላቢ ሳይኖራቸው፣ ግራና ቀኝ በሰው በታጠረ ጠባብ ጎዳና ሽምጥ ይወርዳሉ፤ መጨረሻው ላይ መንገዱን ዘግቶ የተወጠረ ጨርቅ ያቆማቸዋል። ከጎናቸውና ከጀርባቸው ሾህ ያላቸው ኳሶች ይንጠለጠሉባቸዋል፤ በሮጡ ቁጥር ይወጋቸዋል፣ በተወጉ ቁጥር ይብስባቸዋል። ከአራት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ብዙ ሰው ከኮቴ ሥር ከገባ በኋላ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ቀረ።

አንድ ነገር ሳልጽፍ ማለፍ አልፈልግም። በዚያው ካርኒቫል የሮም አይሁዶችም ሕዝብ እየሳቀባቸው በግድ እንዲሮጡ ይደረግ ነበር። በ1668 ሩጫው ሲቀርላቸው በምትኩ ለበዓሉ ሽልማት የሚውል ገንዘብ እንዲከፍሉ ተደረገ። እንዲህ ያሉ የበዓል ሥዕሎች ላይ ባለ ጥብጣብ ሰገነትና ደስ ያለው ሕዝብ ስታይ ይህ አይታይም።

ወደ ሥዕሉ ልመለስ። የተሣለው ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ እየታየ ነው፤ ፈረሶቹ ወደ ግራ፣ ወደ ኮርሶ ዞረዋል። በግራ ጠርዝ ኮርሶ መግቢያ ላይ ካሉት መንትያ አብያተ ክርስቲያናት የአንዱ ጉልላት ይታያል። የመጀመሪያው ፈረስ ዳማ ነው፤ ሁለት የፊት እግሩን አንሥቷል። ሁለተኛው ጉራች። ሦስተኛው ቦራ፣ የግንባሩ ነጭ እስከ አፍንጫው ይወርዳል። አራተኛውና አምስተኛው ገና ነጭ ጨርቅ ለብሰዋል። ጀርመናዊው ደራሲ ጎተ የ1788ን ካርኒቫል አይቶ ሲጽፍ ፈረሶቹ ስፌቱ ላይ ባለ ቀለም ጥብጣብ የዞረበት ነጭ ልብስ ለብሰው ወደ ሐውልቱ እንደሚመጡ ተናግሯል፤ ሰዓሊው ጥብጣቡን ሳይቀር አስገብቶታል።

ለራሴ የያዝኳቸው ሦስት ነጥቦች፦

ሐውልቱ ሥር ውሃ የሚተፉ አንበሶች አሉ። እነሱ የአርክቴክቱ የቫላዲየር ሥራ ናቸው፣ በ1823 የተቀመጡ። ሥዕሉ ከዚያ ወዲህ ነው ማለት ነው።

ሰማዩ ደብዘዝ ያለ ሮዝ ነው። ልክ ነው፤ ሽቅድምድሙ የሚካሄደው ወደ ማታ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ነበርና።

የፈረሶቹ ራስና ጎን ላይ የምስር ፍሬ የሚያክሉ ጥቁር ነጠብጣቦች አሉ። ሾሃማ ኳሶቹ ናቸው።

የሁለተኛውንና የሦስተኛውን ነጥብ ስሕተት በኋላ ነው ያወቅኩት።

ረቡዕ፣ ጥር 6

ጀርባውን ከፈትኩ። ቡናማውን ወረቀት በስለት ቆረጥኩ፣ ሚስማሮቹን አንድ በአንድ በጉጠት ሳብኩ። የኋላ መደገፊያው የጥድ ሳንቃ ነው። የሳንቃው ጭረትና ጉጥ ሳይቀር ወረቀቱ ጀርባ ላይ ቡናማ ሆኖ ታትሟል፤ ዘመን ሲያልፍ የእንጨት አሲድ እንዲህ ነው ወረቀት የሚያቃጥለው። ከፊት ያለው ፓስፓርቱም (ሥዕሉን ዙሪያውን የሚከበው፣ ከመስታወቱ የሚለየው ጠርዝ) ርካሽ ካርቶን ነው፤ ውስጠኛ ጠርዙ ከነጭነት አልፎ ሻይ መስሏል።

ፓስፓርቱው በአራቱም በኩል በሙጫ ተጣብቋል። ቀኝ ታችኛው ማዕዘን ላይ ስፓቱላ አስገብቼ ገፋ ሳደርግ የፀጉር ስባሪ የምታህል የወረቀት ጭረት ተነሣች። ወዲያው አቆምኩ። ፍሬም መሥራት እችላለሁ፤ ወረቀት ማከም ሌላ ሙያ ነው። መልሼ በንጹሕ ወረቀት ሸፈንኩትና ለአንዲት የወረቀት ጥገና ባለሙያ ደወልኩ፤ ፍሬም ቤታችን ሥራ የምትልክልን ናት። ማክሰኞ አምጣው አለችኝ።

ሰኞ፣ ጥር 11

ጥምቀት ነው። አልነካሁትም።

ማክሰኞ፣ ጥር 12

ከአምስት ሰዓት በላይ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ሙጫውን ውሃ አላስነካችውም። እርጥብ መጣጭ ወረቀት ከላይ፣ መሃል ላይ እንፋሎት ብቻ የሚያሳልፍ ጨርቅ፣ ሥር ፓስፓርቱው። ሃያ ደቂቃ ትጠብቃለች፣ ካርቶኑን በቀጭን ስፓቱላ ንብርብር ንብርብሩን ትልጣለች፣ እንደገና ትጠብቃለች። እጇ አንዴም አልቸኮለም። በመጨረሻ ላይኛው ጠርዝ ሲነሣ ሁለታችንም ዝም አልን።

ከፓስፓርቱው ሥር ተደብቆ የኖረ ስምንት ሚሊሜትር ስፋት ያለው ጭረት አለ። እዚያ ጭረት ላይ ሰማዩ ሰማያዊ ነው። እየጠለቀች ያለች ፀሐይ የምታቀላው ዓይነት አይደለም፤ ጥርት ያለ፣ ጠለቅ ያለ ሰማያዊ፣ ከግራ በኩል ግራጫ ደመና የገባበት። ልክ ፓስፓርቱው የሚያልቅበት መስመር ላይ ይቆምና ከዚያ ወዲህ ሮዝ ይሆናል። መስመሩ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል።

«ኢንዲጎ ነው» አለች። በዚያ ዘመን የውሃ ቀለም ሠሪዎች ደመና ሲፈልጉ ኢንዲጎን ከቀይ አፈር ጋር ይቀላቅላሉ፤ ደስ የሚል ግራጫ ይወጣዋል። ቀይ አፈር ብረት ስለሆነ ብርሃን አይነካውም። ኢንዲጎ ግን ከዕፅ የሚወጣ ነው፣ ዓመት በዓመት ብርሃን ይበላዋል። ሰማያዊው ሲሄድ ቀዩ ብቻውን ይቀራል። ብዙ ሰው የማታ ሰማይ ብሎ የሚያደንቀው እንዲህ የተራቆተ ሰማይ ነው አለችኝ። እንግሊዞች በነገሩ ተከራክረውበት፣ ረስልና አብኒ የተባሉ ሁለት ሳይንቲስቶች ቀለሞቹን ብርሃን ላይ አስጥተው ፈትነው በ1888 ለመንግሥታቸው ሪፖርት አቅርበዋል።

እኔ ደግሞ ከሳምንት በፊት ስለ ሮዝ ሰማይ ስጽፍ ነበር።

ቀጥሎ ጥቁር ነጠብጣቦቹን አሳየኋት። ማጉያውን ዝቅ አድርጋ ብዙ አየች። ኳስ አይደሉም፤ የእርሳስ ነጭ ነው። ከእርሳስ ማዕድን የሚሠራው ነጭ ቀለም አየር ውስጥ ያለ የድኝ ጋዝ ሲያገኘው ይጠቁራል። የከሰል ጭስ ባለበት ቤት ተሰቅሎ ከነበረ ደግሞ ይብስበታል። እንግዲህ ፈረሶቹ ራስ ላይ ያሉት ጥቁር ነጠብጣቦች ነጭ ላባዎች ነበሩ፤ ጎናቸው ላይ ያሉት ደግሞ የተለጠፈባቸው የወርቅ ወረቀት ብልጭታ። በዓሉ ያሸበረቀበት ነገር ሁሉ ነው ዛሬ የማሰቃያ መሣሪያ መስሎ የሚታየው። እውነተኛው ሾሃማ ኳስ አንድ ብቻ ነው፤ ከጉራቹ ጀርባ በክር ተንጠልጥሎ፣ በቡናማ ቀለም፣ ከጥቁሩ ቆዳ እምብዛም ሳይለይ።

የሁለቱ ፈረሶች ነጭ ልብስ ግን እንደ ነጣ ነው። እሱ ቀለም አይደለም፤ ሰዓሊው ዙሪያውን ቀብቶ ሳይነካ የተወው ባዶ ወረቀት ነው።

ሥዕሉን እሷ ዘንድ ትቼ ወጣሁ። ፎቶዎች አንሥቻለሁ፤ የሥዕሉን ግልባጭ ራሴ ልሠራ ስላሰብኩ ከእነሱ እጀምራለሁ።

ዓርብ፣ ጥር 15

ባለሙያዋ መልእክት ላከች። ወረቀቱን ከሥሩ መብራት አብርታ አይታዋለች፤ የውሃ ምልክት (ወረቀቱ ሲሠራ ውስጡ የሚቀር የሠሪው ምልክት) አለበት። ከቃሉ የተረፈው «…ትማን» የሚል ብቻ ነው፣ ከሥሩ 183 ይልና አራተኛው አኃዝ ወረቀቱ ሲቆረጥ አብሮ ሄዷል። ዋትማን በእንግሊዝ አገር ኬንት ይሠራ የነበረ፣ የውሃ ቀለም ሠሪዎች ሁሉ የሚመርጡት ወረቀት ነው። ከ1830ዎቹ ወዲህ፣ ከዋትማን ወረቀት ጋር ሮም የገባ እጅ ነው ማለት ነው። እንግሊዛዊ ተጓዥ ይመስለኛል፤ በዚያ ዘመን የቀለም ሣጥን ይዞ ሮም የሚከርም ብዙ ነበር።

ማታ ፎቶውን በልኩ አትሜ፣ ላዩ ላይ የሚያሳልፍ ወረቀት አድርጌ መስመሩን በእርሳስ ቀዳሁ። መቅዳት ከማየት ይለያል፤ ዓይንህ ያለፈው ነገር ላይ እጅህ ያቆምሃል። የመጀመሪያውን ባልደራስ ጥላ ስቀዳ እንዲህ ቆምኩ። ሰውየው 6 ሳንቲሜትር ነው፤ ወደ ቀኝ የወደቀው ጥላው 3። የሌሎቹም እንደዚሁ ግማሽ ግማሽ ነው። የጥር ወይም የየካቲት ጥላ እንዲህ ያጥራል?

ቅዳሜ፣ ጥር 23

ስምንት ቀን ደመና ነበር፣ ዛሬ ፀሐይ ወጣች። ሜትር ይዤ ፒያሳ ዴል ፖፖሎ ሄድኩ። ፀሐይ ከፍታዋ ጫፍ ላይ የምትሆነው ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ቁመቴ 1 ሜትር ከ70 ነው፤ ጥላዬ 2 ሜትር ከ87 ሆነ። ጥላው ወደ ሰሜን፣ ማለትም ሥዕሉ በተሣለበት አቅጣጫ ለሚያይ ወደ ቀኝ፣ ወደ አሮጌው የከተማ በር ነው የወደቀው፤ አቅጣጫው ልክ ነው። ርዝመቱ ግን አይገናኝም። ማታ ተቀምጬ አሰላሁት። ካርኒቫል ዘገየ ቢባል የሚያልቀው የካቲት 30 (በእነሱ ማርች 9) አካባቢ ነው፤ ያን ቀን እንኳ ሮም ውስጥ የሰው ጥላ በእኩለ ቀን ከቁመቱ አያጥርም። የቁመት ግማሽ የሚሆነው ከሚያዝያ መጨረሻ እስከ ነሐሴ መጀመሪያ ባለው ጊዜ ብቻ ነው።

አደባባዩ የተሣለው በአውሮፓ በጋ ነው፣ በእኩለ ቀን፣ በሰማያዊ ሰማይ። ሽቅድምድሙ ግን የአውሮፓ ክረምት መጨረሻ ነው፣ ያውም ማታ። ይህ ሰው የካርኒቫሉን ሩጫ ከነጭራሹ ላያየው ይችላል። ጎተን አንብቦ፣ የታተመ ሥዕል አይቶ፣ ከበዓሉ በኋላ መጥቶ ባዶ አደባባይ ላይ ፈረሶች ጨምሮበት ይሆናል። እውነቱን ለመናገር አዘንኩ። እንደተታለለ ሰው ሆንኩ።

ማታ ለአባቴ ደወልኩ። ጥር 23 ነው፤ እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች ክብረ በዓል ነው። አባቴ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው ማኅበር አባል ናቸው። ፈረሰኛና ፈረስ ለዓድዋ የከፈሉትን ሲያስቡ ውለው፣ ድምፃቸው ሻክሮ ነበር። ይህንን እኔ ሮም ሆኜ ስሰማ ሁልጊዜ ሆዴ ይንቦጫቦጫል።

«አባዬ፣ አንድ ሥዕል ልልክልዎ ነው፣ ፈረሶቹን ይዩልኝ» ብዬ በቴሌግራም ላክሁላቸው። ረጅም ዝምታ። የእኅቴን ልጅ «አጉላው፣ አጉላው» ሲሉት ይሰማኛል።

«ዳማውን ማን ሠራው?»

«አይታወቅም አባዬ። ምናልባት ሩጫውን ራሱን አላየ ይሆናል።»

«ሩጫውን ይተው፤ ፈረስ ያውቃል። ጆሮውን አየኸው? አንዱ ወደፊት ነው፣ አንዱ ወደኋላ። ባንዱ ገመዱን ነው፣ ባንዱ የያዘውን ሰውዬ ነው የሚሰማው። ሰውየው ደግሞ ልጓሙን አይደለም የያዘው፣ አፍንጫውን ነው። እንዲህ የቆመ ፈረስ በልጓም አይያዝም፤ ትንፋሹን ነው የምትይዘው።»

ከዚያ ስለ ቦራው ጠየቁኝ፣ ዕድሜው ስንት ይመስልሃል እያሉ። ስልኩን ስዘጋ እኩለ ሌሊት ሊሆን ነበር። ሁለተኛ ጊዜ አጉልቼ አየሁ። የባልደራሱ አውራ ጣት በአንዱ ቀዳዳ ጠርዝ፣ ሁለት ጣቶቹ በሌላው። በሦስት ብሩሽ ጭረት ተሠርቷል፣ አንዷም አትበዛ።

አደባባዩን በበጋ ሣለው፣ ፈረሱን ግን በእጁ ይዞ ያውቃል። እዚህ ላይ ከአባቴ ጋር ነኝ።

እሑድ፣ የካቲት 1

ግልባጩ ተጀመረ። ሙሉ በሙሉ የጥጥ የሆነ፣ 300 ግራም የፋብሪያኖ ወረቀት። አሥር ደቂቃ ውሃ ውስጥ አስተኛሁት፣ ሳንቃ ላይ ዘርግቼ ጠርዙን በወረቀት ፕላስተር ያዝኩት፤ ሲደርቅ እንደ ከበሮ ተወጠረ።

ጥያቄው ሰማዩ ነው። እንደ አሁኑ ሮዝ ልሥራው ወይስ እንደ ድሮው? ሮዙን ብሠራ ሰዓሊው ያልሠራውን ሠርቼ በስሙ አቆማለሁ። ሰማያዊ እንዲሆን ወሰንኩ፣ ልኩን ከዚያች ስምንት ሚሊሜትር ወስጄ። የዛሬ ቱቦዎች ላይ ኢንዲጎ ተብሎ የተጻፈው አብዛኛው የሌሎች ቀለሞች ድብልቅ ነው፤ ለኔ ደህና ነው፣ እንደ ጥንቱ አይለቅም። ፕሩሲያን ብሉን በጥቂት ጥቁር አጠቆርኩት፣ ለደመናው ቀይ አፈር ጨመርኩ።

የመጀመሪያው ሙከራ ተበላሸ። ሰማዩ ሳይደርቅ የሐውልቱን ጠርዝ ነካሁና ቀለሙ ወደ ድንጋዩ ፈሰሰ። ሁለተኛው ወረቀት ላይ ሳንቃውን አዘንብዬ፣ ሰፊ ብሩሽ ሞልቼ፣ ከላይ ወደታች አንዴ ብቻ አወረድኩት። ነጫጭ ልብሶቹን በብሩሽ ዞርኳቸው። ምንም የሚሸፍን ፈሳሽ አልተጠቀምኩም፤ ሰዓሊውም አልተጠቀመም፣ የብሩሹ መንቀጥቀጥ ይታያል።

እሑድ፣ የካቲት 8

ቅበላ ነው። ዘንድሮ የእኛና የእነሱ በአንድ ሳምንት ገጠመ፤ ጎዳናው ላይ ልጆች ባለ ቀለም ወረቀት እየበተኑ ነው፣ እኔ ደግሞ ከጓደኞቼ ጋር ዶሮ በልቼ መጣሁ። ነገ ጾም ይገባል።

ከሰዓት በኋላ ዳማውን ሠራሁ። ላባውን ነጭ አደረግኩት፣ በዚንክ ነጭ፣ እሱ አይጠቁርም። የጎኑ የወርቅ ወረቀትም ብርሃኑ ተመለሰለት። በነጭና በወርቅ ሲታዩ ፈረሶቹ ሌላ ናቸው፤ ለሠርግ የወጡ ይመስላሉ። የጉራቹን ሾሃማ ኳስ ግን እንዳለ ተውኩት፣ ቡናማ፣ እምብዛም ሳይታይ፣ እሱ እንደሠራው።

ያችን የባልደራስ እጅ አሥራ አንድ ጊዜ በቁራጭ ወረቀት ሞከርኳት። ሦስት ጭረት ብቻ ናት፤ አራተኛ ከጨመርኩ ጣቶቹ ይወፍሩና መያዛቸው ይቀርና መነካካት ይሆናል። በአሥራ ሁለተኛው ዋናው ወረቀት ላይ አሳረፍኳት። ከእሱ ትንሽ ትከብዳለች፣ ትይዛለች ግን።

ረቡዕ፣ የካቲት 11

የእነሱ ጾም ዛሬ ገባ። ኮርሶን አቋርጬ ባለሙያዋ ዘንድ ሄድኩ፤ የተበተነውን ወረቀት እየጠረጉት ነው።

ሥዕሉ ታጥቦ፣ ተጭኖ ተስተካክሎ፣ የተቀደደችው ማዕዘኔም በጃፓን ወረቀት ተጠግና ደረሰ። አዲሱ ፓስፓርቱ ላይ ተከራከርን። እኔ ሰማያዊው ጭረት እንዲታይ ፈለግኩ፤ ሰው ያየው እንደሆነ ነገሩን ሁሉ ይረዳዋል። እሷ አልቀበልም አለች። ብርሃን ከወጣበት እሱም ይሄዳል፣ ጨረር የሚከለክል መስታወት ያዘገየዋል እንጂ አያድነውም፤ ከዚህ ሰውዬ ሰማይ የቀረው ይኸው ነው። ልክ ናት። ስለዚህ ፓስፓርቱው እንደ ድሮው ስምንት ሚሊሜትር ይሸፍነዋል፣ ከአሲድ ነፃ በሆነ የጥጥ ካርቶን፣ ከላይ ብቻ በሁለት ማጠፊያ ተይዞ። ሥዕሉ ሣጥን ውስጥ ይተኛል። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ግልባጩ ነው።

ማታ ግልባጩን ፍሬም ከማስገባቴ በፊት ጀርባው ላይ በእርሳስ ጻፍኩ፦ «ከፊርማ አልባ የውሃ ቀለም ሥዕል የተቀዳ። የዋትማን ወረቀት፣ 183–። ሰማዩና ላባዎቹ ከፓስፓርቱው ሥር በተገኘውና ባለሙያ ባየው መሠረት ተመልሰዋል። ጥላዎቹ የበጋ ናቸው፣ እንዳሉ ተትተዋል።» ከሥሩ ቀኑን አስገባሁ፣ በሁለቱም አቆጣጠር። ፎቶውን ለአባቴ ላክሁ። መልሳቸው በእኅቴ ልጅ ጣት ተጽፎ መጣ፦ «የቀኝ ጆሮውን ትንሽ ወደኋላ ብታደርገው።»

ማጉያውን አንሥቼ ከዋናው ጋር አስተያየሁት። እውነታቸውን ነው። ብሩሹን አረጠብኩ።